«በልተዋል» ያልኩበት ማክሰኞ

መጋቢት፣ ሁለተኛው ማክሰኞ፣ ለስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ጉዳይ። አክስቴ ከሞቀው የውሃ ገንዳ ወጥተው በሴቶች መልበሻ ክፍል ውስጥ ወደቁ። የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ።

ሲወድቁ አላየሁም። እኔ ወንድ ነኝ፤ እዚያ አልገባም። የክረምት ካፖርታቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። ስለ አወዳደቃቸው የማውቀው ሦስት ሰዎች የነገሩኝን ነው፤ አክስቴ፣ የውሃ ውስጥ ልምምዱን የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስትና የመልበሻ ክፍሉ የጽዳት ሠራተኛ። ሦስቱ የሚስማሙበት ይህ ነው፦ አክስቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ካልሲያቸውን አደረጉ፣ ተነሡ፣ አንድ እርምጃ ተራመዱ፣ ከዚያ ጉልበታቸው ከዳቸው።

በዚያ ቀን በተሞላው ቅጽ ላይ የአደጋው ምክንያት «እርጥብ ወለል» ተብሎ ሰፍሯል። ወለሉ ደረቅ ነበር። ያደረቀችው ሴት ቋሚ ሠራተኛ አልነበረችም፤ በሰው ምትክ በጊዜያዊ ውል የምትሠራ፣ እዚህ ቪካር የሚሏት ነበረች። ቅጹን የሞላችው ፊዚዮቴራፒስቷ ናት፤ ቃሉን ያቀበልኳት ግን እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ቃል ነው።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ወደዚህ አገር በስደት መጥተው፣ በአንድ ሆስፒታል ለሃያ ዓመት ያህል ወለል ሲወለውሉና አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው ጡረታ ወጡ። አመሩድ በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። የመጀመሪያው ሜትሮ ጣቢያው በር ላይ በረዶ አዳልጧቸው ነው፤ ያንን ራሳቸው እየሳቁ ነገሩኝ። ሁለተኛውን የነገረችኝ ጎረቤታቸው ናት። ማድ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው፣ መነሣት አቅቷቸው፣ ሁለት ሰዓት ያህል ፍሪጁ ሥር ተኝተዋል።

ኮሙን ከሚሉት ማዘጋጃ ቤት የመጣችው ነርስ ወንበር ላይ አስቀምጣ አስነሣቻቸው፣ በአንድ እግር ቁሙ አለቻቸው፣ ጠረጴዛውን ይዘውም አልሆነላቸውም። አረጋውያን በሞቀ ውሃ ውስጥ ሚዛን መጠበቅን የሚለማመዱበት ቡድን እንዳለ የነገረችን እሷ ናት። ወረፋ ያዝን። ቦታ የተገኘው ከገና በኋላ ነው።

አክስቴ የአገሩን ቋንቋ፣ ኖርዌጅያንኛ፣ ይሰማሉ። ጆሯቸው ስለደከመ የሚያደርጉት ማዳመጫ ግን ውሃ አይወድም፤ ገንዳው ጋ ሲደርሱ ያወልቁታል። ያለ እሱ ከቅርብ ሰው አማርኛ በቀር ምንም አይያዝላቸውም። ስለዚህ በየማክሰኞው ከምሠራበት ጋዜጣ ፈቃድ እየወሰድኩ፣ ጫማዬ ላይ ሰማያዊ ፕላስቲክ አጥልቄ፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ እየተንበረከክሁ አስተረጉም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን እጀታውም ጉርዱም ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ለብሰው ብቅ አሉ። የት እንዳገኙት አላውቅም።

«እንግዲህ አይተህ አትጻፈኝ፣ አንተ ወሬ ለቃሚ» አሉኝ። «በሰባ ስድስት ዓመቷ ዋናተኛ ሆነች ብለህ።»

«እትዬ፣ ዋና የለበትም። መቆም ብቻ ነው።»

«መቆም ለመማር ነው ይህን ሁሉ የተላበስኩት?»

ውሃው እስከ ደረታቸው ይደርሳል። ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ ከአክስቴ በቀር ሁሉም የአገሩ ተወላጆች። ፊዚዮቴራፒስቷ ረጋ ያለች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ወጣት ናት። በመጀመሪያ የግድግዳውን ብረት ይዘው በአንድ እግር ይቆሙ ነበር። ከዚያ በአንድ እጅ። ከዚያ በሁለት ጣት። ከዚያ ወደ ኋላ መራመድ፣ ጭንቅላትን ወደ ጎን እያዞሩ መራመድ፣ ኳስ መቀባበል። ሲለምዱት ደግሞ እሷ ራሷ በመካከላቸው እየዞረች ውሃውን በክንዷ ታናውጠዋለች፤ እነሱ ሳይናወጡ መቆም አለባቸው።

«ይቺ ልጅ ማዕበል ታስነሣብንና ቁሙ ትለናለች» አሉ አክስቴ።

ለፊዚዮቴራፒስቷ ነገርኳት። ሳቀች። ውሃ ውስጥ መውደቅ ቀስ ብሎ እንደሚመጣ፣ አካል ራሱን የሚመልስበት ጊዜ እንደሚያገኝ፣ የሚፈራ ሰው እዚያ ፍርሃቱን እንደሚተው አስረዳችን። ተረጎምኩ።

«በዝግታ መውደቅ ነው የምታስተምረን በላታ።»

በአምስተኛው ሳምንት ሁለቱንም እጃቸውን ከብረቱ አነሡ። በአማርኛ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው እስከ አሥር ቆጠሩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ አጠገባቸው የሚቆሙት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር አብረዋቸው በአማርኛ ቆጠሩ፤ ሰባት ላይ ሲደርሱ ይደናገራቸዋል፣ አክስቴም ያርሟቸዋል።

እኔም ጻፍኩት። በዜና ሥራ ወደ ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ እዚህ እኛ በምንኖርበት ሸለቆ ውስጥ በምትታተም ትንሽ ጋዜጣ። የአክስቴን ስም ሳላነሣ ስለ ልምምዱ ግማሽ ገጽ አወጣሁ። ከጽሑፉ ውስጥ እንዲህ የሚል አለ፦ የሞቀ ውሃ የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ሰው ከገንዳው ሲወጣ የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ በባዶ ሆድ የገባና ውሃ ያልጠጣ ሰው ደግሞ ሊያዞረው ስለሚችል ተሳታፊዎቹ ሁልጊዜ በልተውና ጠጥተው መምጣት አለባቸው። ይህን አንቀጽ ከመታተሙ በፊት ለፊዚዮቴራፒስቷ ሁለት ጊዜ አንብቤላታለሁ። አንድ ቃል አስተካክላ ልክ ነው አለችኝ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ።

አክስቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም በአፋቸው አይዞርም። ዕድሜያቸውን አይተው የንስሐ አባታቸው ማለዳ እንዲቀምሱ ፈቅደውላቸው እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ፤ እሳቸው አልተቀበሉም። መጾማቸውን ደግሞ አይናገሩም። የተነገረ ጾም ለሰው የተጾመ ነው ብለው ያምናሉ። እኔም ያደግሁት በዚያው ቤት ነው፤ ሰው ጾመኛ መሆኑን አይቶ እንዳላየ ማለፍ ጨዋነት መሆኑን ሳልማረው አውቀዋለሁ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ሰዎቹ ውሃው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። በልታችኋል፣ ጠጥታችኋል? ያልበላ ሰው ያን ቀን ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ይመለከታል። በጾሙ የመጀመሪያ ማክሰኞ ሁሉም «ያ» አሉ፤ አዎ ማለት ነው። እሷ ወደ አክስቴ ዞረች፣ ቀጥላ ወደ እኔ።

«ምን ትላለች?» አሉ አክስቴ።

«በልተዋል ወይ ነው የምትለው።»

«ምን አገባት?»

«ያልበላ አይገባም፣ እትዬ።»

ፎጣቸውን አጣጥፈው አግዳሚው ላይ አስቀመጡ። «ጾሜን እዚህ ገንዳ ዳር አላውጅም። አንተ አፍ አለህ፤ የምትለውን በል።»

ፊዚዮቴራፒስቷ እየጠበቀች ነበር። ሰባቱ ሽማግሎችና አሮጊቶች በዋና ልብሳቸው ቆመው እየበረዳቸው ነበር።

«ያ» አልኩ። «በልተዋል።»

በሁለተኛው ማክሰኞ ሳልጠየቅ አልኩት። በሦስተኛው ፊዚዮቴራፒስቷ ወደ እኔ አየት ስታደርግ በራሴ ነቀነቅሁላት። ለንስሐ አባታቸው ስልክ መደወል እችል ነበር፤ ቁጥራቸው አለኝ። የልምምዱን ሰዓት ወደ ማታ ስለማዛወር መጠየቅ እችል ነበር። አልደወልኩም፣ አልጠየቅሁም።

አራተኛው ማክሰኞ የወደቁበት ነው። ጠዋት ሜትሮው ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ከንፈራቸው ደርቆ አይቻለሁ። ገንዳው ውስጥ ግን ጥሩ ዋሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ኋላ ተራመዱ።

ኮሪደሩ ላይ የሰማሁት ከባድ ቦርሳ ሲወድቅ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ የሥራ ልብስ የለበሰች የኛ አገር ሴት ብቅ አለች።

«የእማማ ልጅ አንተ ነህ?»

«የእህታቸው ልጅ ነኝ።»

«ነቅተዋል፤ አትደንግጥ። እስኪሸፍኗቸው ቆይና ግባ።»

ስገባ አክስቴ ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ጭንቅላታቸው ሥር ፎጣ ተደርጓል፤ እግራቸው አግዳሚው ላይ ከፍ ብሏል። ሁለቱንም ያደረገችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ፊዚዮቴራፒስቷ የጭማቂ ፓኮ ከፍታ ወደ አፋቸው አቀረበች። አክስቴ ከንፈራቸውን ገጥመው ዓይናቸውን ወደ ኮርኒሱ አነሡ። ሁለተኛ አቀረበችላቸው። አልከፈቱም። የጽዳት ሠራተኛዋ ጎንበስ ብላ ጆሯቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተናገረች። አክስቴ አዩዋት። ከዚያ ጠጡ።

እጃቸው ማበጥ ሲጀምር አምቡላንስ ተጠራ። እስኪመጣ ፊዚዮቴራፒስቷ ታብሌቷን አወጣች። አንድ ነገር ከሥርዓት ውጭ ሲሆን ወዲያው የሚሞላ ቅጽ ነው።

«ምን እንደሆኑ ጠይቅልኝ» አለችኝ።

ጠየቅሁ።

«አዳልጦኝ ነው በላት» አሉ አክስቴ።

ተረጎምኩ።

«ወለሉ እርጥብ ነበር?»

ጠየቅሁ።

«የውሃ ቤት አይደል እንዴ፤ ምን ደረቅ አለው?»

አዎ ወይም አይደለም አላሉም። በሥራዬ እንዲህ ያለ መልስ የሰጠኝን ሰው መልሼ እጠይቃለሁ። አልጠየቅሁም። «እርጥብ ነበር» አልኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ ጻፈች። ከዚያ ጣቷን ከታብሌቱ ላይ ሳታነሣ፣ «ዛሬ ጠዋት በልተዋል፣ አይደል?» አለች። «ያ» አልኩ።

የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ሁለቱንም ቋንቋ ትሰማለች። ወለሉን አየች። እኔም አየሁት። ከአግዳሚው እስከ በሩ ደረቅ ነበር።

አክስቴ እጃቸው በጄሶ ታስሮ ቤታቸው ተመለሱ። ዳሌያቸው በልዞ ነበር እንጂ አልተሰበረም። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቼ ለፊዚዮቴራፒስቷ ደወልኩ፤ እጃቸው እስኪድን ቦታቸውን እንድትይዝላቸው ልጠይቃት። ትይዛለች። ከመዝጋቷ በፊት ሊያጽናናኝ የሚችል ነገር ነገረችኝ። ጉዳዩን ከጽዳት ድርጅቱ ጋር ተነጋግረውበታል፤ ያን ቀን ተረኛ የነበረችው ሠራተኛ ከዚያ ሥፍራ ተነሥታለች።

«አመሰግናለሁ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን አለፈ። ጋዜጣው ላይ የሰው ዕድሜ በአንድ ዓመት ብንሳሳት በማግሥቱ ማረሚያ እናወጣለን፤ ማረሚያውን የምጽፈው አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ። ለገንዳው አስተዳደር ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። ሦስቱንም አጠፋሁ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት አክስቴ ናቸው። ጾማቸው ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ለማያውቁት ሰው ተልኮ፣ ፋይል ይሆናል። ይህን እሳቸው አይወዱትም አልኩ። ወደዱት አልወደዱት ግን አልጠየቅኋቸውም።

በዘጠነኛው ቀን የጽዳት ሠራተኛዋን አገኘኋት። ስልኳን ያገኘሁት ከቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ብሪን አካባቢ ቢሮ ታጸዳለች፤ ሥራ ከመግባቷ በፊት ጣቢያው አጠገብ ያለ ካፌ ውስጥ ተቀመጥን። ምንም አላዘዘችም። እኔም አላዘዝኩም።

«እማማ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ጄሶው ያሳክካቸዋል፤ በሹራብ መሥሪያ ሲያኩ ይዣቸዋለሁ።»

«ተዋቸው ይከኩ» አለች። ፈገግ አለች። ከዚያ ተወችው።

ከገንዳው ስለመነሣቷ ጠየቅኋት። እውነት ነው። ውሏ በሚያዝያ መጨረሻ ያልቃል፤ ከዚያ ቋሚ ያደርጉኛል ብላ ትጠብቅ ነበር፤ አለቃዋም በቃል እንደዚያ ብሏት ነበር። አሁን ስልኳን አያነሣም።

«ወለሉ ደረቅ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ እንጂ። ያደረቅሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ብዬ? እማማ ጾመኛ ናቸው ብዬ? ሲገቡ አይቻቸዋለሁ። ምራቃቸውን መዋጥ ሲያቅታቸው አይቻለሁ። እኔም ጾመኛ ነኝ፣ የጾመኛ ፊት አይጠፋኝም።» ጓንቷን ከኪሷ አውጥታ መልሳ ከተተችው። «የሰው ጾም እኔ አላወጣም። ደግሞ የሥጋ ዘመዳቸው አጠገባቸው ቆሞ በልተዋል እያለ፣ እኔ ማን ሆኜ?»

ሌላ ነገር ጠየቅኋት።

«ጆሯቸው ውስጥ ምን አልሻቸው? ጭማቂውን ሲጠጡ?»

«መድኃኒት ነው አልኳቸው። ኃጢአት ከሆነ በኔ ይሁን አልኳቸው።»

በዚያው ዕለት አመሩድ ሄድኩ። አክስቴ መስኮቱ አጠገብ፣ እጃቸውን ትራስ ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቅጹን፣ የሴትዮዋን መነሣት፣ ውሉን። ማዳመጫቸው ጆሯቸው ላይ ስለነበር አንዱንም አልደገምኩም።

«መቼ ነው ያነሷት?»

«ሁለት ሳምንት ሊሆን ነው።»

«አንተ መቼ ሰማህ?»

«ከዘጠኝ ቀን በፊት።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ፣ «ሃያ ዓመት ወለል ወልውያለሁ» አሉ። «አንድ ቀን አንድ ሐኪም አንሸራተተውና ይህቺ ናት አለኝ። አልረሳሁትም። ዘጠኝ ቀን ይዘኸው ተኛህ?»

«ጾምዎን እንዳላወጣ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ስለ ሰው እንጀራ ጠየቅኸኝ እንዴ? ጠይቀኸኝ እምቢ አልኩ?» ትራሱን አስተካከሉ። «ጾሜ ከእግዜር ጋር ነው። ሰው ሥራውን የሚያጣበት ጾም እኔ አልጾምኩም። ጻፍ። ያልበላሁ መሆኔን ጻፍ፤ አዳልጦኝ ነው ያልኩትም ውሸት እንደነበር ጻፍ። ያንተንም ጨምርበት።»

«የኔን?»

«በልተዋል ያልከውን።»

ማታውን ቤቴ ጻፍኩት። አንድ ገጽ ነው። ወለሉ ደረቅ እንደነበር፣ አክስቴ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እህልም ውሃም እንዳልቀመሱ፣ አስተርጓሚው እኔ በአራት ማክሰኞዎች ትክክል ያልሆነ መልስ እንደሰጠሁ፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ስለ ምግቡም ስለ ወለሉም ሁለት ጊዜ እንደሰጠሁ። አስተርጓሚው የልምምዱን ደንብ ያውቅ እንደነበር ጨመርኩ። ለገንዳው አስተዳደርና ለጽዳት ድርጅቱ ላክሁት። ለፊዚዮቴራፒስቷ ደግሞ በስልክ ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ፣ «አንተ እኮ ነህ ጋዜጣው ላይ የጻፍከው» አለች። አዎ አልኩ። በሚቀጥለው ጾም አክስቴ የሚበሉበትን ሰዓት ጠየቀችኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚሰባሰብ ሌላ ቡድን እንዳላት ነገረችኝ። ቀድሞም ነበራት።

ቅጹ ታረመ። «እርጥብ ወለል» የሚለው ተሰርዟል፤ ግልባጩ እጄ ላይ አለ። ከጽዳት ድርጅቱ ደብዳቤዬ እንደደረሰ የሚገልጽ ሁለት መስመር መጣልኝ።

በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት የጽዳት ሠራተኛዋ ደወለችልኝ። ለእማማ የእግዜር ምሕረት ከተመኘች በኋላ ውሏ እንደማይታደስ ደብዳቤ እንደደረሳት ነገረችኝ። ምክንያቱ የሠራተኛ ፍላጎት መቀነስ ነው ይላል። ሃውገንስቱዋ ሰፈር ካለው ቤቷ አቅራቢያ ባለ መዋእለ ሕፃናት ሥራ ጠይቃለች፤ ገና አልመለሱላትም። ደብዳቤውን ፎቶ አንሥታ እንድትልክልኝ ጠየቅኋት። ላከችልኝ። በቀኝ በኩል ከላይ ቀን አለው፤ የእኔ ደብዳቤ ከወጣበት ቀን ጋር አስተያየሁት።

የእኔ ሐሙስ ነው። የእሷ የዚያው ሳምንት ሰኞ ነው፤ ከእኔ ሦስት ቀን ይቀድማል።